ብሩስ ማክላረን፡- ከተበታተነች ኦስቲን እስከ ፎርሙላ ዋን

ማክላረን ሲባል ለብዙው የስፖርት አፍቃሪ ቀድሞ ትዝ የሚለው አይርተን ሴና ነው፤ ወጣት ከሆነ ደግሞ ሌዊስ ሀሚልተን። ማክላረን የቡድን ስም ነው፣ የፋብሪካ ስም ነው፣ ኪሱ ለሞላ ሰው ደግሞ የውድ መኪና ስም ነው። ከሁሉም በፊት ግን የአንድ ሰው ስም መሆኑን የሚያውቀው ጥቂቱ ነው። ነገሩን ወደ እግር ኳስ እናምጣው ከተባለ፣ ብሩስ ማክላረን ማለት የክለቡ ባለቤት፣ አሰልጣኝ፣ አምበልና ግብ አግቢ ሆኖ፣ ማታ ማታ ደግሞ የቡድኑን ታኬታ እየጠገነ ያደረ ተጫዋች ማለት ነው። በኳሱ ዓለም እንዲህ ያለ ሰው መፈለግ ድካም ነው።

ሰውየው የኖረው 32 ዓመት ብቻ ነው። በቤት ጋራዥ ውስጥ መኪና በመጠገን ጀመረ፣ ራሱ የሠራትን መኪና ሲሞክርም ሞተ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብሩስ ኦገስት 30 ቀን 1937 በኒውዚላንድ ኦክላንድ ተወለደ። አባቱ ሌስ ማክላረን ሬሙዌራ በተባለው ሰፈር ነዳጅ ማደያና ጋራዥ ነበረው። ሌስ በወጣትነቱ በሞተር ብስክሌት የሚወዳደር፣ ኋላም ከመኪና ጋር መነካካት ያልተወ ሰው ነበር። ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የቤንዚንና የቅባት ሽታ የለመደ፣ መፍቻ በቁጥሩ ለይቶ የሚያቀብል የጋራዥ ልጅ ሆኖ አደገ። በእኛም አገር እንዲህ ያለ ልጅ ሞልቷል። ሶማሌ ተራ ሄዶም ሆነ ቡሬና ፍኖተ ሰላም መንገድ ዳር ቆሞ ያየ ሰው፣ አይሱዙ ስር ገብቶ እግሩ ብቻ የሚታይ ልጅ አያጣም።

ብሩስ 9 ዓመት ሲሞላው ግን ዳሌውን ያመው፣ ያነክስም ጀመር። ሐኪሞች ፐርተስ የሚባል በሽታ መሆኑን ተናገሩ። ይህ በሽታ ወደ ጭን አጥንት ጫፍ የሚሄደውን ደም እየከለከለ፣ ዳሌው መገጣጠሚያ ላይ ያለውን አጥንት የሚያደክምና ቅርጹን የሚያበላሽ ነው። በዚያን ጊዜ የነበረው ሕክምና አንድ ብቻ ነው፡- እግሩን ወጥሮ አስሮ መተኛት። ያውም ለሳምንት ወይም ለወር አይደለም። ብሩስ ታካፑና በሚገኘው ዊልሰን የሕፃናት ማገገሚያ ሁለት ዓመት ገደማ በጀርባው ተኝቶ አሳለፈ። ሲነሳ ግራ እግሩ ከቀኙ አጥሮ ነበር። እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ እያነከሰ ሄደ፤ ጫማውንም ተረከዙን ከፍ እያስደረገ ይጫማ ነበር።

ኒውዚላንድ የራግቢ አገር ናት። እኛ ዘንድ ኳስ የማይጫወት የሰፈር ልጅ ምን እንደሚሰማው የሚያውቅ ሰው፣ እዚያ ራግቢ የማይጫወት ልጅ ምን እንደሚሰማው መገመት አያቅተውም። የብሩስ የስፖርት በር ገና በልጅነቱ ተዘጋ ማለት ይቻል ነበር። የከፈተችው በሳጥን ተጭና የመጣች መኪና ናት።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሌስ ማክላረን የ1929 ሥሪት የሆነች ኦስቲን ሰቨን አልስተር በ110 ፓውንድ ገዛ። ገዛ ይባል እንጂ የገዛው መኪና አልነበረም፤ የመኪና ዕቃ ነበር። ሻንሲዋ ለብቻ፣ ሞተሯ ለብቻ፣ ትናንሽ ዕቃዎቿ ደግሞ በየሳጥኑ ነበሩ። የሌስ ዓላማ ግልጽ ነው፡- ገጣጥሞና አሳምሮ አትርፎ መሸጥ። ጋራዥ ያለው ሰው የሚያደርገው ነው።

ኦስቲን ሰቨን በ1922 እንግሊዝ ውስጥ የወጣች፣ ደመወዝተኛውን ባለ መኪና ያደረገች ትንሽ መኪና ናት። የጀርመኑ ቢ.ኤም.ደብሊው እንኳ መኪና መሥራት የጀመረው ይህችኑ ኦስቲን በፈቃድ ትሠራ የነበረችውን የዲክሲ ፋብሪካ ገዝቶ ነው። አልስተር የምትባለው የዚህችው መኪና የውድድር እህት ናት። ስሟን ያገኘችው በሰሜን አየርላንድ ይካሄድ ከነበረው የአልስተር ውድድር ሲሆን፣ ቁመቷ ዝቅ ያለ፣ አካሏ ከቀላል አሉሚኒየም የተሠራ፣ የተሠራችውም በጥቂት ቁጥር ነው። ዛሬ አንዷ ብትገኝ ሰብሳቢዎች ይሻሙባታል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ግን ቅርስ የሚላት አልነበረም፤ ሃያ ዓመት የሞላት አሮጌ መኪና ነበረች፣ አለቀ።

አባትና ልጅ ሥራውን ጀመሩ። ብሩስ ገና 13 እና 14 ዓመቱ ነው፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ወደ ጋራዥ ነው። የተበታተነ መኪና መመለስ ከተሰበረ መኪና ጥገና የተለየ ነገር ነው። የተሰበረውን ስትፈታው የቱ የት እንደነበር ታያለህ። በሳጥን የመጣውን ግን የፈታው ሌላ ሰው ነው፤ የጠፋውን ብሎን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። እያንዳንዱን ዕቃ አጥቦ፣ ለይቶ፣ ለክቶ፣ የጎደለውን ፈልጎ ወይም አስቀርጾ መግጠም የግድ ይላል። ጓርኒሲዮን ይቆረጣል፣ ፍሪሲዮን ይቀየራል፣ ካርቡራተር ይታጠባል፣ ካምቢዮ ይከፈታል። ላሜራው ቢሆን አሉሚኒየም ስለሆነ ባትላሜራው እንደ ብረት ቢደበድበው ይሳሳል፣ ይቀደዳል።

የኦስቲን ሰቨን መልካምነቷ አሠራሯ ቀላል መሆኑ ነው። ሞተሯ ባለ አራት ሲሊንደር ሆኖ 747 ሲ.ሲ. ብቻ ነው፤ ዛሬ ከምናያቸው ብዙ ሞተር ብስክሌቶች ያነሰ ማለት ነው። ዋናው የሞተር ዘንግ የሚሽከረከረው በሁለት ኩሽኔታ ላይ ብቻ ስለሆነ በኃይል ሲነዳ መሐሉ ላይ ይለመጣል። ሻንሲዋ ከፊት ጠቦ ከኋላ የሚሰፋ ተራ ብረት ነው። ፍሬኗ ዘይት የለውም፤ በሽቦ የሚጎተት ነው። ሽቦው በአንዱ ጎማ ከላላና በሌላው ከጠበቀ መኪናዋ ስትቆም ወደ አንድ ወገን ትስባለች። ስለዚህ ይህችን መኪና የጠገነ ልጅ የመኪናን ነገር በሙሉ በእጁ ዳስሶ ያውቀዋል። ብሩስ ኋላ በዩኒቨርሲቲ ምህንድስና ተምሯል፤ የመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ ግን ይቺው ኦስቲን ነበረች ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አንድ ዓመት ገደማ ከፈጀ በኋላ መኪናዋ ተነሳች። ሌስ ለሙከራ ይዟት ወጣ፣ ደንግጦም ተመለሰ። አያያዟ ክፉ፣ ፍሬኗ የማይታመን ነበር። ባለ ሙያው ሰው ያሰበው ቶሎ ሸጦ መገላገል ነው። ልጁ ግን ለመነ። መኪናዋን ለእሱ እንዲተውለት ጠየቀ፣ አባትየውም እሺ አለ። ያቺ እሺታ ባትኖር ኖሮ ዛሬ እሁድ እሁድ በቴሌቪዥን የሚታዩት ብርቱካንማ መኪኖች አይኖሩም ነበር።

ብሩስ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ዕድሜው ስላልደረሰ የጓሮውን ፍራፍሬ ዛፎች እየዞረ በስምንት ቁጥር ቅርጽ መንዳት ተለማመደ። እዚያች ጠባብ ጓሮ ውስጥ ኦስቲኗ ጭራዋን ስትጥል መልሶ መያዝ፣ ፍሬን ከመርገጥ ይልቅ በማርሽ ማዘግየት ተማረ። ያጠረው እግሩ መኪና ውስጥ ችግር አልሆነበትም። ሜዳ ላይ የማያስሮጠው እግር ነዳጁን ለመርገጥ ምንም አላነሰውም። በ1952፣ ዕድሜው ከ15 ባልዘለለበት፣ ከኦክላንድ ወጣ ብሎ በሚገኘው ሙሪዋይ የዳገት ላይ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰዓት ጋር ተፋለመ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በፍጥነት የሆነ ነው። ከኦስቲን ወደ ኦስቲን ሂሊ፣ ከዚያም ወደ ኩፐር ተሸጋገረ። በ1958 የኒውዚላንድ ግራንድ ፕሪ ማኅበር ወጣት ሹፌር ወደ አውሮፓ የሚልክበትን ዕድል ሲጀምር የመጀመሪያው ተመራጭ ብሩስ ሆነ። በዚያው ዓመት በጀርመን ግራንድ ፕሪ፣ በአስፈሪው ኑርበርግሪንግ፣ በፎርሙላ ቱ መኪና ከትልልቆቹ ጋር ገብቶ በጠቅላላው 5ኛ፣ ከፎርሙላ ቱዎች 1ኛ ወጣ። በቀጣዩ ዓመት የኩፐር ቡድን ከአውስትራሊያዊው ጃክ ብራብሃም ጎን አሰለፈው።

ዲሴምበር 12 ቀን 1959 ሴብሪንግ፣ አሜሪካ የተካሄደው ውድድር የዓመቱ መደምደሚያ ነበር። ብራብሃም እየመራ ነው፣ ብሩስ ከኋላው ይከተላል። መጨረሻው ዙር ላይ ብራብሃም ነዳጅ አለቀበት። ብሩስ ግራ ገብቶት ቀነሰ፤ አለቃውን ጥሎ መሄድ አልሆነለትም። ብራብሃም በእጁ እለፍ እለፍ ብሎ ሸኘው። በዚህች መዘግየት ከኋላ የመጣው ፈረንሳዊው ሞሪስ ትሬንቲኛን ሊደርስበት ምንም አልቀረው፤ ብሩስ ያሸነፈው በ0.6 ሴኮንድ ነው። ብራብሃም መኪናውን እየገፋ 4ኛ ሆኖ ገባና የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ብሩስ ያኔ 22 ዓመት ከ104 ቀኑ ነበር። የኢንዲያናፖሊስን ውድድር ካልቆጠርነው በቀር፣ ከእሱ ባነሰ ዕድሜ ግራንድ ፕሪ ያሸነፈ ሰው እስከ ፈርናንዶ አሎንሶ፣ ማለትም እስከ 2003 ድረስ አልተገኘም።

በ1960 አርጀንቲናን አሸንፎ በዓለም ሻምፒዮናው ከብራብሃም ቀጥሎ 2ኛ ሆነ። በ1962 ሞናኮን አሸነፈ። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ተደላድሎ ይቀመጥ ነበር። የጋራዡ ልጅ ግን የራሱን መኪና ካልሠራ እንቅልፍ አልወስድ አለው። በ1963 የራሱን ድርጅት አቋቋመ።

ጅማሬው መራራ ነበር። ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1964 አብሮት የሚወዳደረው የ26 ዓመቱ አሜሪካዊ ቲሚ ሜየር አውስትራሊያ ውስጥ ሎንግፎርድ ላይ በልምምድ ሞተ። የቲሚ ወንድም፣ የሕግ ባለሙያው ቴዲ ሜየር፣ ከሐዘኑ በኋላ አገሩ ገብቶ መቀመጥ ሲችል ከብሩስ ጋር ሽርክና ገባ። ቡድኑን ለብዙ ዓመታት ያቆመው ይኸው ሰው ነው።

የድርጅቱ የመጀመሪያ ወርክሾፕ ደግሞ የዛሬዎቹ ተመልካቾች ቢያዩት የሚስቁበት ነው። ለንደን ዳር ኒው ማልደን የሚገኝ፣ ወለሉ አፈር የሆነ፣ ከመንገድ መጥረጊያ ግሬደር ጋር የሚጋሩት መጋዘን ነበር። እዚያ ውስጥ የሠሩት የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ አዲስ መኪና አልነበረም፤ እንደገና ጥገና ነው። ሮጀር ፔንስኪ ይነዳት የነበረችውን፣ መጀመሪያ በአደጋ ከተጎዳች የኩፐር ፎርሙላ ዋን የተሠራችውን ዜሬክስ የተባለች መኪና ገዝተው ፈቷት። መሐሏን ቆርጠው በራሳቸው ብረት ተኩ፤ የኦልድስሞቢል ቪ ኤይት ሞተርም ገጠሙላት። ከሬሙዌራ ጋራዥ የተለየው የሞተሩ መጠን እንጂ ሥራው አልነበረም።

ብሩስን ከሌሎቹ ሹፌሮች የሚለየው ይህ ነበር። እንደ ጂም ክላርክ በተፈጥሮ የተካነ ሹፌር አልነበረም፤ ይህን መናገር እሱን ማሳነስ አይደለም። የሱ ተሰጥኦ መኪናው የሚለውን መስማት ነበር። በአንድ የሙከራ ቀን አፍንጫዋ ላይ ያለች ትንሽ ክዳን መኪናዋ ስትፈጥን ትነሳና ትርገበገብ ጀመር። ሌላው ቢሆን ክዳኗን በሽቦ አስሮ ይመለሳል። ብሩስ ግን አሰበበት፡- ነፋሱ ከላይ የሚጫን ከሆነ ክዳኗ መጣበቅ እንጂ መነሳት የለባትም፤ እንግዲያው አየሩ ከውስጥ ተጠራቅሞ እየገፋ ነው። ገብቶ መቀስ አነሳና ከራዲያተሩ በስተኋላ ያለውን ላሜራ ቀደደው። አየሩ መውጫ አገኘ፣ የመኪናዋ አፍንጫም መሬት ያዘ። የነፋስ ጉዳይ እንዲህ በመቀስ የሚፈታበት ዘመን ነበር።

በ1966 ከአገሩ ልጅ ክሪስ ኤሞን ጋር ለፎርድ እየነዳ የሌማንን 24 ሰዓት አሸነፈ። ፊልሙን ያየ ሰው ታሪኩን ያውቀዋል፤ ፎርድ ሦስት መኪኖቹ አብረው እንዲገቡ አዘዘ፣ ኬን ማይልስ ድል የኔ ነው ሲል ዳኞቹ ከኋላ ቦታ የተነሳው የብሩስና የኤሞን መኪና የበለጠ ርቀት ሸፍኗል ብለው ፈረዱ። በዚህ ድል ላይ ክርክሩ አላለቀም፤ የሚያልቅም አይመስልም። በዚያው ዓመት ሞናኮ ላይ ማክላረን የሚል ስም የያዘች መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ በፎርሙላ ዋን ተሰለፈች። ጁን 9 ቀን 1968 ደግሞ ስፓ ላይ ብሩስ በራሱ ስም በምትጠራ መኪና ግራንድ ፕሪ አሸነፈ። የሚገርመው ሲገባ 2ኛ የወጣ መስሎት ነበር። ይመራ የነበረው ጃኪ ስቱዋርት መጨረሻው ላይ ነዳጅ ሊሞላ መግባቱን አላየም፤ ያሸነፈው እሱ መሆኑን የነገሩት ሌሎች ናቸው። ባጠቃላይ በፎርሙላ ዋን 100 ጊዜ ተሰልፎ 4 ጊዜ አሸንፏል።

ዋናው ገንዘብና ዝና ግን የተገኘው ካን ኤም ከሚባለው የአሜሪካና ካናዳ ውድድር ነው። እዚያ የሞተር ገደብ የለም፤ ኃይል ያለው ያሸንፋል። ብሩስና ዴኒ ሃልም፣ ሁለቱም ኒውዚላንዳውያን፣ በብርቱካንማ መኪኖቻቸው መድረኩን የቤታቸው ሜዳ አደረጉት። በ1967 ብሩስ፣ በ1968 ዴኒ፣ በ1969 እንደገና ብሩስ ሻምፒዮን ሆኑ። በ1969 ከተካሄዱት 11 ውድድሮች 11ዱንም ወሰዱ። ይህን የመሰለ የበላይነት በየትኛው ሊግ ተገኝቶ ያውቃል?

በዚህ መሐል ብሩስ አንድ ሌላ ሐሳብ ነበረው፤ ከውድድር መኪናው ተነስቶ ለተራው መንገድ የሚሆን ፈጣን መኪና መሥራት። ኤም ሲክስ ጂ.ቲ. የተባለችውን የመጀመሪያዋን ሠርቶ ራሱ እየነዳት ይውል ነበር። ሐሳቡ ግን ከሱ ጋር ቀረ።

ጁን 2 ቀን 1970 ብሩስ ለአዲሱ የካን ኤም ዓመት የተዘጋጀችውን ኤም ኤይት ዲን ሊሞክር ወደ ደቡብ እንግሊዝ፣ ወደ ጉድውድ ሄደ። የተለመደ የሥራ ቀን ነበር፤ ተመልካች የለም፣ ዋንጫ የለም። ላቫንት በሚባለው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ በከፍተኛ ፍጥነት ሲበር የመኪናዋ የኋላ ኮፈን ከቦታው ተነሳ። መኪናዋን መሬት ላይ የሚጫናት ነፋስ በቅጽበት ጠፋ፣ ተሽከረከረች፣ ከመንገድ ዳር ካለ የዳኞች መቆሚያ ግንብ ጋር ተላተመች። ብሩስ እዚያው ሞተ። የተነሳ ክዳን አይቶ መላ የዘየደው ሰው በተነሳ ክዳን ተቀጨ።

ያ ዘመን የስፖርት ሰዎችንና መኪናን ክፉኛ ያጣላ ዘመን ነው። የኛው ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1969 በቮልስዋገኑ ተገልብጦ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። ብሩስ በሞተበት በ1970 አበበ እዚያው እንግሊዝ ስቶክ ማንዴቪል ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ በቀስት ይወዳደር ነበር።

የማክላረን ቡድን ሊፈርስ ይችል ነበር። ባለቤቱ፣ መሐንዲሱና ሹፌሩ በአንድ ቀን ሄደዋል። ዴኒ ሃልም ደግሞ ግንቦት ላይ በኢንዲያናፖሊስ ልምምድ መኪናው ተቃጥሎበት እጆቹ በፋሻ የተጠቀለሉ ነበሩ። ቴዲ ሜየርና መካኒኮቹ ግን ወርክሾፑን አልዘጉም። አደጋው በደረሰ በ12ኛው ቀን፣ ጁን 14፣ ሁለት ብርቱካንማ መኪኖች ካናዳ ሞስፖርት ላይ ተሰለፉ። በብሩስ ቦታ የገባው አሜሪካዊው ዳን ገርኒ አሸነፈ። ሃልም ቁስሉ ባልሻረ እጁ መሪውን ይዞ 3ኛ ወጣ፤ የዚያን ዓመት የካን ኤም ዋንጫም የሱ ሆነ።

በሳጥን የመጣችው አልስተር ኦስቲንም አልጠፋችም። እንግሊዝ ዎኪንግ በሚገኘው የማክላረን ዋና መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ ከሴና ዋንጫ ያስገኙ መኪኖች ጋር ተደርድራ ትታያለች።